ጣሂርና ግትሩ ብረት

ጣሂር ሞተ አሉኝ። የነገረኝ ድባጤ ገበያ ላይ ጨው ሲሰፍርልኝ የነበረ የሆሞሻ ነጋዴ ነው። ጣሳውን ሞልቶ፣ አናቱን በመዳፉ ጠረግ አድርጎ፣ የተረፈውን ወደ ጆንያው መልሶ ሲያበቃ፣ «ያ እግረ ግንዱ የአሶሳው ጣሂር፣ አላህ ይርሐመው፣ ክረምቱ ሲገባ ሞተ» አለና ወደሚቀጥለው ገዢ ዞረ። ጨዌን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ «ወይ ግዛ ወይ ዞር በል» አለችኝ። ዞር አልኩ።

ሰው ሲሞት ደግ ይደረጋል። በዕድሜው ለጎረቤቱ እሳት ያልሰጠውን ሁሉ ከቀብር መልስ «እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም» ይሉታል። እኔ አልልም። ጣሂር ውሸታም ነበር፤ ግትር ነበር፤ ሲያንኮራፋ የሰፈሩ ውሻ ይነሳ ነበር። ሰው ከሚያመሰግን ውሎ ቢጾም ይመርጥ ነበር። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አውቄያለሁ፤ አብዛኛውን ባላውቀው ይሻለኝ ነበር። ጣሂርን ግን ልርሳው ብልም አልሆነልኝም። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ያጌጠ ቃል የለኝም። እንዳየሁት እጽፈዋለሁ።

አሶሳ የገባሁት የአንድ የጎጃም ነጋዴ በቅሎዎች እየነዳሁ ነው። ከሱዳን ጋር ያለው ድንበር ከተተከለ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ኩርሙክ ላይ የእንግሊዝ ሹም ተቀምጧል ይባላል። እንደደረስን ወባ ጣለኝ። ነጋዴው ያመጣውን ሸጦ፣ ጨው ጭኖ፣ እኔን ዛፍ ሥር ትቶኝ ተመለሰ። በቅሎ ብትታመምበት ይጠብቃት ነበር።

ከዛፉ ሥር ያነሳኝ ጣሂር ነው። አነሳሱም እንዲህ ነው፤ በዱላው ጫፍ ጎኔን ነካ አደረገና፣

«ሐበሻ፣ ሞትክ?» አለኝ።

«አልሞትኩም።»

«እንግዲያ ተነሳ። እኔ አንተን መሸከም አይችልም። እግር የለም።»

እውነቱን ነው። በጎልማሳነቱ ወርቅ ሲቆፍር የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ ቀኝ ጉልበቱን ሰብሮታል። አጥንቱ ሲጠገን እግሩ እንደ በር መወርወሪያ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ትንሽ ዘንበል ይላል እንጂ አይታጠፍም። ሌላው «ወላሂ» ብሎ ሲምል እሱ ጉልበቱን በጣቱ አንጓ ቋ ቋ ያደርግና «በዚህ ግንድ» ይል ነበር። ውሸት ሲሆን ግን አያንኳኳም። የኩርሙኩ ሹም ሻይ ጋብዞት ሲለያዩ አለቀሰ እያለ ሲያወራ እጁን አይቼዋለሁ፤ ከጭኑ ላይ አልተነቃነቀም።

ከግቢው ጥግ ያለችውን ጎጆ ሰጠኝ፤ እኔም ማሽላውን ኮተኮትኩለት። ዋጋችን ይኸው ነበር። ሚስቱ ዘይነብ ትባላለች፤ ረጅም፣ ክንደ ብርቱ፣ ምላሷ ከክንዷ የበረታ ሴት። አማርኛ አትሰማም። እኔ በርታኛውን እየለመድኩ ስለሄድኩ እሷ ያለችውን ወደ አማርኛ መልሼ ነው የምጽፈው። የጣሂር አማርኛ ግን የራሱ ነው፤ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርገዋል፤ ብታርመው ይቆጣል። አንድ ቀን ዶማ አልነቀል ብሎኝ ስራገም ሰማኝና፣ «ቁጣ ጉልበት አይደለም፤ ጉልበት ቢሆን ዘይነብ ተራራ ያነሳል» አለኝ።

ሥራው የኩርሙክ መንገድ ነበር። በአህያ ማርና ቡና ይወስዳል፤ ጨውና ጨርቅ ያመጣል። ሲመለስ ጭነቱን ሳያራግፍ በፊት ዛፉ ሥር ይቀመጣል፤ ከየቤቱ ሰው ይወጣል። ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ጨው ስንት ገባ፣ ሁሉም ከጣሂር አፍ ይጠበቃል። ግማሹ ውሸት መሆኑን ሰዉ ያውቃል፤ ቢሆንም ይመጣል። ያን ጊዜ የጣሂርን እግር ማንም አያይም።

ችግሩ ገንዲ ነው። በዚያ ቆላ ዝንቡ የነከሳት አህያ ትከሳለች፣ ፀጉሯ ይቆማል፣ ከዚያ ትወድቃለች። አንዷን ቀብረን ሌላ እንገዛለን፤ እሷንም እንቀብራለን። የመጨረሻዋ ኩርሙክ ላይ ወደቀች። እሱም በጭነቱ ዋጋ አገሩ ሊገባ ከተነሳ የሱዳን ጸሐፊ ላይ ቢስክሌት ለውጦ መጣ። በርታዎቹ በዓረብኛው «አጀላ» ይሉታል። መንዳት ስለማያውቅ ያን ሁሉ መንገድ እንደ ምርኩዝ ተደግፎት፣ እየገፋው ነው የመጣው። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ።

ዘይነብ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞረችው። «አህያው የታለ?» አለች።

«ይኸው።»

«ይኸ አይጮህም፣ አይወልድም፣ ሲሞትም ቆዳ የለው።»

ጣሂር ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «ብረት ገንዲ አይዛትም» አለኝ። ጉልበቱን ቋ ቋ አደረገ።

ነገሩ እውነት ነበር፤ ሌላ ነገር ግን ረስቷል። ሜዳ ላይ ደግፌው ሲወጣ ግራ እግሩ ረገጠ፣ ፔዳሉ ዞረ፣ የቀኙ ፔዳል ወደ ላይ ሲመጣ ያ ጉልበት አልታጠፍ አለ። ብረቱ ከታች ገፋው፤ ጣሂር ተነስቶ ተወረወረ። ደግሞ ወጣ፤ ደግሞ ተወረወረ። መጨረሻ መሬቱ ላይ ተቀምጦ የፔዳሉን ክንድ በስንዝሩ ለካ፣ ጉልበቱንም ለካ። «ክንዱ ረጅም ነው። እግሬ አጭር ክብ ነው የሚችል» አለ። ያየሁት ሰው ሁሉ ሲወድቅ ፈረሱን ይሳደባል፤ እሱ ለካ።

ቀጥቃጩ ሐምዳን አየው። «ክንዱን ብቻውን አምጣልኝ፤ እሳት አስገብቼ ከሥሩ ጠጋ አድርጌ ሌላ ቀዳዳ እበሳለታለሁ። ፔዳሉን እዚያ ትተክለዋለህ። ሙሉውን ግን እሳት ውስጥ አልከትም፤ ሆዱ ውስጥ ጠጠር የመሰሉ ብረቶች አሉ፤ ከጋሉ ዋጋ የላቸውም» አለው። ክንዱን መሐል ላይ ካለው ዘንግ ጋር የያዘው አንድ ቡሎን ነው፤ ገላው እንደ ሽብልቅ ቀጥኖ የሚሄድ፣ ጫፉ ላይ እየዞረ የሚጠብቅ ማሰሪያ ያለው። እሱ ከወጣ ሁሉም ይወጣል። ጣሂር «ቀላል ነው፤ ለበጋ» አለ፤ ክረምቱም ገባ።

ቢስክሌቱን ያስቀመጠው ጨው ቤቱ ውስጥ ነው። ከጨው ጆንያ ጋር። እንዳይዝግ ብሎ ደግሞ አርብ አርብ ከጁምዓ ሲመለስ የሰሊጥ ዘይት ይቀባዋል፤ በጨርቅ ሳይሆን በእጁ፣ እንደሚወደው ሰው ጀርባ። ዘይነብ፣ «ለፀጉሬ ጠብታ የለም፤ ለብረቱ በማሰሮ» ትለው ነበር። የሰሊጥ ዘይት ግን ተደራርቦ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ከላይ ሙጫ፣ ከታች የጨው ዝገት። መስከረም ጠብቶ ሲያወጣው ቡሎኑ ከክንዱ ጋር አንድ አካል ሆኗል።

የዘይነብ ወንድሞች በዚህ መሐል መጡ። ሰፊ የማሽላ ማሳ አላቸው፤ ወፍና ዝንጀሮ የሚጠብቅ ሰው ፈልገዋል። «መንገዱ ሲደርቅ አጀላው ከሄደ ይሂድ። ካልሄደ ብረቱን ሐምዳን ለዶማ ይቀጥቅጠው፣ ጣሂርም ማማው ላይ ተቀምጦ ይብላ» አሉ። ማማ የልጅና የሽማግሌ ሥራ ነው። ዘይነብም፣ «እውነታቸውን ነው፤ ሁለት አካለ ስንኩል በአንድ ቤት አልቀልብም» አለች። ሁለተኛው ቢስክሌቱ ነው። ጣሂር ማታ እሳት ዳር፣ «ተቀምጦ የሚያረጅ ሰው፣ ጅብ ሬሳ ይመስለዋል» አለኝ።

እንግዲህ ያደረገውን ስሙ። ለአንድ ቡሎን ደቦ ጠራ።

በእነሱ ዘንድ ከባድ ሥራ ሁሉ በደቦ ነው፤ ቤት ሲከደን፣ ማሳ ሲመነጠር። ይኸም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ደቦ። ያለችውን አንድ ፍየል አረደ። ሐምዳን አፉ ሰፋ ያለ መፍቻ ቀጠቀጠለት። ሰዉ መጣ፤ ያልተጠራውም መጣ። ደግሞ ሕግ አለው፤ ለደቦ የመጣ ሰው ሥራውን በእጁ ሳይነካ ከበላ ቤቱን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ስለዚህ የመጣው ሁሉ ያቺን የጣት አንጓ የምታህል ብረት በየተራ መያዝ አለበት።

መጀመሪያ መፍቻውን ለሰፈሩ ሽማግሌ ሰጡት። ሽማግሌው ቢስሚላህ አለና፣ «መልካም ነገር በቀኝ ይጀመራል» ብሎ ወደ ቀኝ ጎተተ። ወደ ቀኝ ማጥበቅ ነው።

እኔ፣ «አባቴ፣ ወደ ግራ ይመስለኛል» አልኩ።

«አንተ በግራ እጅህ ነው የምትበላው?» አለኝ። ሳቁብኝ።

ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ሽማግሌ ላለመቃወም አንዴ ወደ ቀኝ ይጎትታል፤ ከዚያ በልቡ ያለውን ወደ ግራ ይጎትታል። መፍቻው እየሸሸ የማሰሪያውን ጠርዝ ይልጠዋል። «አጥብቀህ ያዝ»፣ «ሴት ናት እንዴ ያሳደገችህ»፣ «አንተ ራስህ ከበላህ ወዲያ ነው የምትችለው» እየተባባሉ። ፍየሉ ሲያልቅ የማሰሪያው ስድስት ጎን ጠፍቶ እንደ አተር ክብ ሆኗል። ሁሉም እጁን ታጥቦ፣ መርቆ፣ ሄደ። ሥራው ግን ከነበረበት ብሶ ቀረ። ለብዙ ሰው የተሰጠ ነገር እንዲህ ነው።

ጣሂር ክብ የሆነውን ብረት በአውራ ጣቱ ሲያሻሽ ቆየ። «ጥሩ ፍየል ነበር» አለ።

ከማግስቱ ጀምሮ ግን ማንንም አላስጠጋም፤ እኔን ብቻ፣ ያውም ዝም ካልኩ። ዘይነብ የዘይት ማሰሮ የምታጥብበትን የአመድ ውሃ አፍልቶ ሙጫውን አጠበ። ከዚያ ሁመር የሚሉትን ጎምዛዛ ፍሬ በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨርቅ ነክሮ፣ ዝገቱ ላይ ጠቀለለው። ጨርቁ ሲደርቅ ያረጥበዋል። ከሐምዳን የሞረድ ስባሪ ተዋሰና ክብ የሆነውን ማሰሪያ ሁለት ጎን ሞረደለት፤ ቀስ እያለ፣ ያችን ቀጥ ያለች እግሩን ዘርግቶ፣ ብረቱን እንደ ጨቅላ ጭኑ ላይ አስተኝቶ። እጄን ስዘረጋ በሞረዱ ይመታኛል። በመጨረሻ ሁለቱን ጎን በጉጠት ነክሶ፣ የጉጠቱን እጀታ በገመድ አስሮ፣ መጀመሪያ ትንሽ አጠበቀው።

«ምነው? ሽማግሌውን ሰማህ እንዴ?» አልኩት።

«ዝም። ብረት ሲጮህ እየሰማ ነው።»

እውነትም ጭር የምትል ድምፅ ሰጠ። ያን ጊዜ ወደ ግራ ቢስበው ማሰሪያው ተነቃነቀ፤ ዞረ፤ ወጣ። ደስ ያለኝ እኔ ነኝ። እሱ ቀና ብሎ፣ «ይኸ ኮፍያው ነው። ራሱ ገና ነው» አለኝ።

ራሱ አልወጣም። ሽብልቁ ክንዱ ውስጥ ተቀርቅሯል። በመዶሻ ቢመታው፣ ክንዱ ከታች መደገፊያ ስለሌለው ምቱን ዘንጉ ይበላዋል፤ ሐምዳንም «ዘንጉ ከተጣመመ በቃ፣ ዶማ ነው» ብሎታል። ድንጋይ ብንደግፍበት ይንሸራተታል። ግንድ ብንደግፍበት ሽብልቁ መውጫ ያጣል። መንገዱ ደረቀ። የመጀመሪያዎቹ ነጋዴዎች ወደ ኩርሙክ ወረዱ። ጣሂር ቆሞ አያቸው።

ወንድማማቾቹ መጥተው፣ «ለሙከራ፤ ለአንድ ቀን ብቻ» ብለው ወደ ማሳው ወሰዱት። ማማው ከፍ ያለ ነው፤ መውጫው የተጠረበ ግንድ ነው፤ በማይታጠፍ ጉልበት አይወጣም። ብብቱ ሥር ገመድ አግብተው እንደ ጆንያ ጎተቱት። እየሳቁ ነው፤ ክፋት አልነበረባቸውም፤ እንዲያ ያለ ሳቅ ግን ከክፋት ይብሳል። ወንጭፍ ሰጡት። ያቺ እግሩ ከማማው ጠርዝ ውጭ ተንጠልጥላ ዋለች። መንገዱ በማሳው ሥር ስለሚያልፍ ገበያተኛው ሁሉ አየው። አንዱ፣ «ጣሂር፣ የኩርሙክ ወሬ ምን አለ?» ብሎ ጮኸ።

«ወፎቹን ጠይቃቸው» አለ ከላይ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንድማማቾቹ በሌላ መንገድ ወደ ቤታቸው ገቡ። ረሱት። ዘይነብና እኔ ስንጠብቅ ቆይተን ሄድን። እዚያው ነበር፣ ወንጭፉን ታቅፎ።

ዘይነብ ከታች ሆና፣ «ለምን አልተጣራህም?» አለችው።

«የሚጣራው ወፉ ነው» አላት።

በገመዱ አወረድነው። ወደ ቤት ተመለስን። ዘይነብ ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማሽላ የምትወቅጥበትን ሙቀጫ አንከባላ ከግቢው መሐል አቆመችው። ጥርግርግ አድርጋ ባዶ አደረገችው። «አምጡት» አለች።

«ምኑን?» አለ ጣሂር።

«ያን አህያህን። ክንዱን ሙቀጫው አፍ ላይ አስተኛው። ዙሪያውን ይደግፈዋል፤ ሥሩ ባዶ ነው፤ የሚወጣው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።»

ጣሂር ሙቀጫውን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ እኔን በአማርኛ፣ «አንተ ያዝ» አለኝ። ቢስክሌቱን በጎኑ አጋድሜ ሙሉ አካሉን ታቅፌ ያዝኩ። ክንዱ ሙቀጫው ከንፈር ላይ ልክ ተቀመጠ። ጣሂር አጭር ብረት ሽብልቁ ጫፍ ላይ አቁሞ በጣቶቹ ያዘው። ዘይነብ ዘነዘናውን አነሳች።

«እናንተ ወንዶች እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው አግድም ነው የምትመቱ» አለች። ከዚያ ጣሂርን፣ «ጣትህን ብመታውስ?» አለችው።

«ጣት ብዙ ነው። ምቺ።»

ከልጅነቷ ጀምሮ በየቀኑ የወቀጠች ሴት ክንድ ስህተት አያውቅም። ዘነዘናው ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀለል አድርጋ መታች። ጣሂር ብረቱን አስተካከለ። ደግማ መታች፤ ምንም የለም። «አቁሚው፤ ዘንጉ ይሄዳል» ልል አፌን ስከፍት ለሠርግ እንደምትወቅጥ ከትከሻዋ በላይ አንስታ ለቀቀችው። አንድ ደረቅ ድምፅ፣ ቀጥሎ ከሙቀጫው ሆድ ውስጥ የብረት መውደቅ ተሰማ።

ዘንጉን አዞርኩት። ልክ ነበር።

ጣሂር ክንዱን እስከ ብብቱ ሙቀጫው ውስጥ አስገብቶ ሽብልቁን አወጣ፤ ፀሐይ ላይ አዙሮ አየው። ያመሰግናታል ብዬ ጠበቅኩ። አሁንም አላውቀውም ነበር ማለት ነው።

«ዘይነብ፣ ሙቀጫው ቆሸሸ» አለ።

«አየሁ» አለች።

ሐምዳን ዶማ በማጣቱ እያጉረመረመ ክንዱን በሳው። ፔዳሉን ከሥሩ ጠጋ አድርገን ተከልነው። ጣሂር ሲነዳ ግራ እግሩ ትልቅ ክብ፣ ቀኙ ገንፎ እንደሚያማስል ልጅ ትንሽ ክብ ይሠራል፤ በአንድ ጎን እንደ ተጫነች አህያ ወዲያ ወዲህ ይወላገዳል። ዳገት ላይ ወርዶ ይገፋል። ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ እሱና ቁጥቋጦው ያውቃሉ። ግን ኩርሙክ ወረደ፤ ጨው ጭኖም ተመለሰ፤ ዛፉ ሥር ተቀምጦም ዋሸ። ሰዉም ወጣ። ገበያው ሲበተን ተመልሼ ስጠይቀው የሆሞሻው ነጋዴ እንደ ነገረኝ እስኪሞት ድረስ ማማ ላይ የወጣው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው።

ሙቀጫው ግን አልጸዳም። ዘይነብ በአመድ አጠበችው፣ በአሸዋ ፈተገችው። ዝገቱና የከረመው ዘይት እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ነበር። አዲስ ሙቀጫ የሚጠርቡት ወንድሞቿ ናቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ወንድሞቿን ምንም አልለመነችም። ስለዚህ እዚያ ቤት ሳለሁ የበላነው ገንፎ ሁሉ ብረት ብረት ይል ነበር። እኔ እየዋጥኩ ፊቴን አጨማድድ ነበር። ጣሂር በምግብ ላይ አፉ ክፉ ነበር፤ ባሚያው ቀጠነ፣ ጨው በዛ፣ እሳት ነካው ሳይል የበላበት ቀን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ያነሳና «ጨምሪልኝ» ይላት ነበር።